ለአማቷ የሠራችው መስቀል

እስከዳር አለሙ በዚያ ዓርብ ከቤቷ ስትወጣ ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት ነገር ይዛ ነበር። አንዱ የኬሚስትሪ ዲግሪዋ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሲዞር ጠርዙ ተልጧል። ሌላው በነጭ ሻሽ የተጠቀለለ የብር መስቀል ነው። ዲግሪው «ስልክሽን ተዪልን፣ እንደውልልሻለን» ከሚል ሰው በቀር ፈላጊ አላገኘም። መስቀሉ ግን ባለቤት አለው። ሦስት ሳምንት አጎንብሳ የሠራችው ለምትወደው ሰው፣ ለይገረም፣ እናት ነው።

ከአንዋር መስጊድ የተረፈው ሰጋጅ መንገዱን ሞልቶ ምንጣፉን እስከ ሀፍሷ ሱቅ ደጃፍ ድረስ አንጥፏል። ሀፍሷ ሻርፕና ሽቶ የምትሸጥ፣ አፏም እጇም የማያርፍ ጓደኛዋ ናት። ከሱቋ አንዱን ግድግዳ ለእስከዳር ለቃላት የዶቃ ሐብሎቿንና የብር ጉትቻዎቿን ትሸጥላታለች። ሰጋጁ እስኪበተን መውጫ ስለሌለ ሁለቱ ሴቶች እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«እስቲ ልየው» አለች ሀፍሷ። ሻሹን ስትፈታው ትንፋሿ ቆም አለ። መስቀሉ ከአውራ ጣት አይበልጥም፤ ክንዶቹ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብር ሽቦ ተጠላልፎ ተበይዷል። «ወላሂ እስኩ፣ ይሄን የሠራ እጅ ይዘሽ ሥራ አጣሁ ስትዪ ትንሽ አታፍሪም?»

«ለእትዬ ሠርኬ ነው። ነገ ልወስድላቸው ነው።»

«ለይገረም እናት? ሽማግሌ ሳይልኩ? አንቺ ልጅ፣ ሴት ልጅ ለአማቷ ቀድማ ጌጥ የምትሰጥበት አገር የት ነው? ወርቁን ተሸክመው መምጣት ያለባቸው እነሱ ናቸው!»

«እኔ ወርቅ የለኝም ሀፍሷ። ያለኝ እጄ ነው፤ እሱን ይዩልኝ ብዬ ነው።»

ይገረምን ያወቀችው እዚችው ሱቅ ውስጥ ነው። እናቱ እትዬ ሠርኬ ተክለ ሃይማኖት ላይ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍሉ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ንግዱን ብቻቸውን ያቆሙ የጎጃም ሴት ናቸው። ከስምንት ወር በፊት የእሳቸው የአንገት ድሪ ተበጥሶ ልጃቸው የሚያሠራበት ሲፈልግ ሰዎች ወደ ሀፍሷ መሩት። እስከዳር ቀጥላ ስትመልስለት የተበጠሰበትን ቦታ ፈልጎ አጣው። «ማነው የሠራው?» አለ። «እኔ» አለችው። ሌላ ወንድ ቢሆን ዓይኗን ያይ ነበር፤ ይገረም ግን እሳት የላሰውን ጣቷን አየና «ያምሻል?» ብሎ ጠየቃት። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። የእስከዳር ልብ በዚያች ጥያቄ ተሸነፈ።

አንድ ነገር ብቻ አደራ ብሏት ነበር። «ስለ እጅ ሥራሽ ለእማዬ አሁን አታንሺላት፤ እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።» እሷ የመሰላት ሥራ የሌላት ምራት አመጣህብኝ እንዳይባል ፈርቶ ነው። እንግዲያው ሥራዬን በዓይናቸው አይተው ይፍረዱ አለችና መስቀሉን ጀመረች። ፍቅር የያዘው ሰው ምክር ቢሰማ ኖሮ ስንቱ ጉድ በቀረ ነበር!

መስቀሉን ስትጨርስ ጀርባው ላይ፣ ከግርጌው፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት የማይበልጡ ሦስት የብር ፍሬዎች ደርድራ በየደቻቸው። አባቷ አለሙ በሠራው ሁሉ ላይ የሚያኖረው ምልክት ነው፤ የእሱም አባት፣ የአባቱም አባት እንዲሁ። «በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ብለሽ ነው የምትጨርሺው» ይላት ነበር፣ አማኑኤል ባለችው አንድ ክፍል ቤታቸው ውስጥ ከወናፉ አጠገብ አስቀምጦ ሲያስተምራት። እነዚያን ሦስት ፍሬዎች ስታኖር አባቷ አብሯት ወደ አማቷ ቤት የሚሄድ መሰላት።

ሰጋጁ ሲበተን ሀፍሷ መስቀሉን መልሳ ጠቀለለችላትና «አላህ ያሳምርልሽ» አለቻት። እስከዳር ወደ ቤቷ ስትሄድ በመንገዱ ሰው ሁሉ ላይ ፈገግ ስትል ለራሷ ታወቃት። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይገረም ይዟት ገባ። እትዬ ሠርኬ በር ድረስ ወጥተው ሁለቱን ጉንጮቿን አገላብጠው ሳሟት። «ነይ የኔ ልጅ፣ ግቢ። ይሄ ልጅ እስከዳር እስከዳር ሲል ጆሮዬን አደነቆረው እኮ!» አሉና ከጎናቸው አስቀመጧት። የይገረም እህት ልጅ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት ሕፃን፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ሙዝ ትበላ ነበር። እስከዳርን ስታይ የተላጠውን ሙዝ ዘርግታ «እንኪ» አለቻት፤ ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

እስከዳር ሻሹን አወጣች። «እትዬ፣ ትንሽ ናት። እንዳይንቁብኝ።»

እትዬ ሠርኬ መስቀሉን ሲያዩ «ወይ እናቴ!» አሉ። ወዲያው አንገታቸው ላይ አሰሩት፤ መስታወት ፊት ቆመው ፈገግ አሉ። ይገረም ግን ፈገግ አላለም፤ ፊቱ ቀስ በቀስ ሲገረጣ እስከዳር አየችው፣ ምክንያቱን ግን አላወቀችም። እትዬ ሠርኬ መስቀሉን በጣታቸው እየዳሰሱ ጀርባውን ገለበጡት። ጣታቸው እነዚያ ሦስት ፍሬዎች ላይ ቆመ።

«ይሄን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ከአባቴ የተማርኩት ነው።»

«አባትሽ መምህር አልነበሩም እንዴ?»

እስከዳር ክው አለች። ወደ ይገረም ዞረች። ይገረም ምንጣፉን ያያል። ሰው የሚወደው ሰው ዓይኑን ሲነፍገው ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል።

«አንጥረኛ ነበር እትዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የጎጃም ሰው ነው። ከጉልት ማርያም።»

«ጉልት ማርያም» አሉ እትዬ ሠርኬ፣ ለራሳቸው ያህል። «እኔ ክርስትና ስነሳ እናቴ ያሰሩልኝ መስቀል ከዚያ ከአንጥረኞቹ ቤት የወጣ ነው። ጀርባው ላይ ሦስት ፍሬ ነበረው። እስካገባ ድረስ ከአንገቴ አልወረደም።»

ለአንዲት ቅጽበት እስከዳር ይሄ በረከት ነው ብላ አሰበች። የአያቷ እጅ የሠራውን መስቀል ያሰሩ ሴት ዛሬ የእሷን አሰሩ፤ ከዚህ በላይ ምን ዝምድና አለ? «ታዲያ እኮ ድሮም...» ብላ ጀመረች። ግን አልጨረሰችውም። እትዬ ሠርኬ ጎንበስ ብለው ሕፃኗን ከምንጣፉ አነሷት፤ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ፊቷን ሸፈኑት፤ በእጇ የያዘችውንም ሙዝ አብረው ሸፈኑት።

«ብርድ ገባ መሰለኝ» አሉ።

መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነበር። ቃሉን ማንም አልተናገረውም፤ ቡዳ ያላት የለም። ግን አባቷ በልጅነቱ ወናፍ ተሸክሞ ከአባቱ ጋር በየመንደሩ ሲያልፍ ሴቶቹ ሊጡን ይከድኑ፣ ሕፃናቱን በነጠላ ይሸፍኑ እንደነበር ነግሯታል። መስቀሉን ከእጃቸው ይገዙታል፣ ይሳለሙታል፤ እነሱን ግን እህል ሲበሉ አያዩአቸውም፣ ልጅ ሰጥተውም አይቀበሏቸውም። አዲስ አበባ ላይ ይሄ ነገር ሞቷል ይባላል። እውነት ነው፣ በአዘቦቱ ቀን ሞቷል። የጋብቻ ወሬ የተነሳ ዕለት ግን ከመቃብሩ ወጥቶ ደጃፍ ላይ ይቆማል።

የሚገርመው እትዬ ሠርኬም አፍረዋል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ ለእስከዳር ይቀልላት ነበር። ይገረም እስከ በር ሸኛት። እሷም እስከ አማኑኤል ድረስ በእግሯ ሄደች፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለገችም።

ማክሰኞ ሀፍሷ ደወለችላትና ወደ ሱቅ ጠራቻት። ይገረም ወረቀት ጥሎ ሄዷል። በስልክ ለመናገር ድፍረት ያጣ ሰው ዛሬም ቢሆን ብዕር ያነሳል።

«እስኩዬ፤ ስለ አባትሽ የዋሸሁት አፍሬብሽ አይደለም፣ እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው። እማዬ ከቅዳሜ ወዲህ እህል በወጉ አልቀመሰችም። አልጠላችሽም፤ ፈራች። እግሯ ላይ ወድቄ ለምኛት ሽማግሌዎቹ እሁድ ይመጣሉ። ከእነሱ ሁለቱ የአገር ቤት ዘመዶቻችን ናቸው፤ አጥንት ይቆጥራሉ። እማዬ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባትሽ መምህር ነበሩ ይባል፣ መስቀሉንም ገዝቼው ነው በይ። እሷም ያየችውን ከሆዷ አታወጣም። ከዚህ ጋር ያለው ወረቀት የሥራ ደብዳቤ ነው። አጎቴ የሚሠራበት የቀለም ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ቦታ አግኝቶልሻል፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ትጀምሪያለሽ። ከእንግዲህ እሳትና መዶሻ አያስፈልግሽም። አንዲት ቃል ናት እስኩዬ። እኔ እንደሆንኩ ከአንቺ ሌላ አልፈልግም።»

እስከዳር ሁለተኛውን ወረቀት ገለጠችው። ስሟ ተጽፏል፣ ማኅተም አለበት፣ «የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን» ይላል። ሁለት ዓመት በየመሥሪያ ቤቱ በር የለመነችው ነገር በአንዲት ገጽ ላይ ሰፍሮ እጇ ገባ። የምትወደው ሰውም እዚያው አብሮ አለ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለች ሀፍሷ። ስታነብላት አፏን ይዛ ነበር የሰማችው።

«አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እኔማ ወላሂ አላውቅም» አለች ሀፍሷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ሳትጨምር። «ሰው ሲወድ ስንት ነገር ይውጣል። ይሄ ግን ጉሮሮሽ ላይ እንዳይቀር ነው የምፈራው።»

ሐሙስ ዕለት ለእናቷ ነገረቻቸው። ወይዘሮ ፋና ከአለሙ ጋር ሃያ ስምንት ዓመት የኖሩ፣ ዝምታ የሚያበዙ ሴት ናቸው። ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አስነበቧት። ከዚያ የልጃቸውን ፊት ትክ ብለው አዩና «ትወጂዋለሽ?» አሉ።

«እወደዋለሁ እማዬ።»

«በይ እንግዲያው እንዳሉት እንላለን። የሞተ ሰው አይቀየምም።»

ቅዳሜ እናትና ልጅ ሳይነጋገሩ የአለሙን ወናፍ፣ ጉጠቱን፣ ትንንሾቹን መዶሻዎች በጆንያ ጠቅልለው አልጋ ሥር ከተቱ። ጥቀርሻ የያዘውን ግድግዳ በመጋረጃ ሸፈኑት። እስከዳር በዚያ መጋረጃ ፊት ቆማ ተገላገልኩ ብላ ለራሷ ነገረች። ግን መጋረጃውን ገልጣ ጥቀርሻውን በጣቷ ዳሰሰችው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ አራት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡ። በደንቡ መሠረት ወላጅም ሆነ አግቢው አብሮ አይመጣም፤ ይገረም ግን አላስችል ብሎት ከመንገዱ ማዶ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ወይዘሮ ፋና ወንድ ዘመድ ስለሌላቸው የእድራቸውን ዳኛ ከጎናቸው አስቀምጠዋል። እስከዳር ከመጋረጃው ጀርባ፣ ጥቀርሻው ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቆማለች።

«ኖር! እባካችሁ ተቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ፋና።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጠና ያሉት ሽማግሌ። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል። ስጡን፣ እንቀመጣለን።»

ጥቂት የወግ ቃል ተለዋወጡ። ከዚያ ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ለጋብቻ ሲሆን መጠያየቅ ነውር አይደለምና፣ ባለቤትዎ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በምን ይተዳደሩ ነበር?»



«መምህር ነበር» አሉ ወይዘሮ ፋና።

እስከዳር ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ አንዲት ቃል ነበረች፣ ተባለች።

«እህ፣ መምህር! የት ነው ያስተማሩት?»

ይሄን ማንም አላሰበበትም። ወይዘሮ ፋና ውሸት የማያውቁ ሴት በመሆናቸው መጠኑንም አያውቁትም። «አገር ቤት... እዚህም አስተምሯል» አሉ እየተጣደፉ። «ከመጽሐፍ ሌላ የሚያውቀው አልነበረም። እጁን... እጁን እሳት ነክቶት አያውቅም።» መጨረሻዋ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ።

እስከዳር ይሄን መሸከም አልቻለችም። እነዚያን የተቃጠሉ እጆች በየሌሊቱ ቅቤ የሚቀቡለት እኚሁ እናቷ ነበሩ። ሲሞትም መዳፎቹን ይዘው ነው ያለቀሱት። ዛሬ ለልጃቸው ሲሉ እነዚያን እጆች ካዷቸው፤ ክህደቱን ደግሞ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

«አባቴ አንጥረኛ ነበር» አለች።

አራቱም ዞሩ። ወይዘሮ ፋና «ተይ ልጄ!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

«እናቴ የዋሸችው ለእኔ ብላ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ አለሙ የጉልት ማርያም አንጥረኛ ነበር፤ አባቱም፣ አያቱም። እኔም ነኝ። ለእትዬ ሠርኬ የሰጠሁትን መስቀል በእነዚህ እጆቼ ነው የሠራሁት።» ጣቶቿን ዘረጋች። ሽማግሌዎቹ ያላዩ መሰሉ።

ጠና ያሉት ሽማግሌ ወለሉን አዩ። «ልጄ፣ እውነት በመናገርሽ እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉ። «እኛ መልእክተኞች ነን። የሰማነውን ለላኩን እናደርሳለን።» ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ለወይዘሮ ፋና እጅ ነስተው፣ ሳይቀመጡ ወጡ። ያልተቀመጠ ሽማግሌ መልሱን ሳይናገር ይናገራል።

ይገረም ወዲያው ገባ። ፊቱ በእንባ ርሷል። ወይዘሮ ፋናና የእድሩ ዳኛ ወደ ውጪ ወጥተው ሁለቱን ብቻቸውን ተዉአቸው።

«እስኩዬ፣ አንዲት ቃል አቃተሽ?»

«እኔ ራሴ ብናገረው ኖሮ ይቻለኝ ነበር መሰለኝ። እናቴ ስትለው ነው ያቃተኝ።»

«ምን እናድርግ እንግዲህ? አሁንም ጊዜ አለ፣ እማዬን ደግሜ እለምናታለሁ። እኔ ዘርሽ ምንም ቢሆን ግድ የለኝም። ታውቂያለሽ!»

«አውቃለሁ። እኔን እንደምትወደኝ አንድ ቀን ተጠራጥሬ አላውቅም።» ቀርባ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት፤ ይሄን ስታደርግ የመጨረሻዋ እንደሚሆን ልቧ ነገራት። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ተጋብተን ልጅ ብንወልድ፣ አንድ ቀን ‹አባዬ፣ የእማዬ አባት ምን ነበሩ?› ቢልህ ምን ትለዋለህ?»

ይገረም ወደ መስኮቱ ዞሮ አየ። ውጪ የታክሲ ረዳቶች «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» ይላሉ። እስከዳር ጠበቀችው። ምስኪን፣ አቅሟ እስከቻለ ድረስ ጠበቀችው። በልቧም «አንጥረኛ በል፣ አንዴ ብቻ በለው፤ እናትህ ቢረግሙን፣ ዘመድህ ቢሸሸን፣ ከአንተ ጋር ጎዳና ላይ እተኛለሁ» ትለው ነበር።

«ያኔ እናያለን» አለ።

እስከዳር ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አልተቆጣችም፤ ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አልቀራትም። የሥራ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንስታ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት። «አጎትህን አመስግንልኝ። ሂድ አሁን፣ ሽማግሌዎቹ መንገድ ላይ ቆመው ይጠብቁሃል።»

እጇን አንስቶ የተቃጠሉትን ጣቶቿን አንድ በአንድ ሳማቸው። እሷም ፈቀደችለት። ከዚያ ወጣ። እስከ መኪናው ድረስ በመስኮት ተከተለችው፤ አንዴ ዞር ቢል ኖሮ ሮጣ ትወጣ ነበር። አልዞረም።

ወይዘሮ ፋና ሲመለሱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አገኟት። አጠገቧ ተቀምጠው ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ይረሳል ልጄ፣ ጊዜ የማያስረሳው የለም» አሉ።

«ልረሳው አልፈልግም» አለች እስከዳር፣ እንባዋ የእናቷን ቀሚስ እያረሰ። «እወደዋለሁ እማዬ። አሁንም እወደዋለሁ።»

ወይዘሮ ፋና ፀጉሯን እየዳበሱ አብረዋት አለቀሱ።